ጎልፍ ያሳዩኝ ሳምንት

ወደ ጆሃንስበርግ የመጣሁት ለሦስት ወር ነበር። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልጄ ባዶ ቤት ብቻዬን እንዳልቀመጥ ብሎ ትኬት ላከልኝ፤ ልብሴን በአንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዤ መጣሁ። ሦስተኛው ወር ሳያልቅ ወረርሽኙ ገባና አውሮፕላን ቆመ። አውሮፕላን መብረር ሲጀምር ደግሞ የእኔ የመቆያ ወረቀት ጊዜው አልፎበት ነበር። የሚያድሰው መሥሪያ ቤት በሩን ዘግቶ ተራ በስልክ ያዙ ይላል፤ ስልኩን የሚያነሳ ግን የለም። እንዲህ እያለ ሁለተኛው ክረምት መጣ። የዚህ አገር ክረምት ዝናብ የለውም፤ አጥንት የሚገባ ደረቅ ብርድ ነው።

የምንኖረው ጀፕስታውን በሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ የብረት ፍርግርግ አለው፤ መስኮቶቹም እንደዚሁ። ልጄ ጠዋት ከከተማው ዳር፣ ካትሌሆንግ ወዳለው ሱቁ ሲሄድ ፍርግርጉን ቆልፎ ይሄዳል። ምራቴ ቁልፍ አላት፤ የልጅ ልጄም አላት። እኔ አልነበረኝም። አልጠየቅሁምም፤ ወዴት ልሄድበት?

የምጽፈው ስለ አንድ ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት ከተማው ተረበሸ፤ ሱቆች ተሰበሩ፣ ተዘረፉ፣ አንዳንዶቹም ተቃጠሉ። ለልጄ ሱቁን ያከራዩት የካትሌሆንግ ሴትዮ ደውለው ዕቃህን ዛሬውኑ አውጣ አሉት። የሰው ባኪ ለምኖ፣ እዚህ ፒክአፕን ባኪ ይሉታል፣ የቻለውን ያህል ጭኖ ወደ ቤት አመጣው። የበቆሎ ዱቄት ከረጢቶች በሳሎኑ ግድግዳ ዙሪያ ተደረደሩ። የለስላሳ ካርቶኖች የመስኮቱን ግማሽ ሸፈኑት። የሱቁ ትልቅ ፍሪዘር፣ ዶሮውን እንደያዘ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመ። ለእኔ የቀረችልኝ አንዲት ሶፋ ናት፤ ከእሷ ተነስቼ ወጥ ቤት ለመድረስ በጎኔ መሄድ ነበረብኝ። ቤቱ ሱቅ ሆነ፤ እኔም ከዕቃው መሃል የተቀመጥኩ አንድ ዕቃ የሆንኩ መሰለኝ።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አገር ቤት ታላቅ ወንድሜ ሆሳዕና ከተማ ታሞ ነበር። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አሉ። ቀጥሎ ትንፋሽ አጠረው፣ ሐዋሳ ሆስፒታል ገባ አሉ። ይህ ወንድሜ ያሳደገኝ ነው። አባታችን በልጅነታችን ስለሞተ፣ ትምህርት ቤት ያስገባኝም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተማረኝም እሱ ነው። እሁድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ይደውልልኛል። ሰላምታው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በቋንቋችን «አንቺ ልጅ፣ በላሽ?» ይለኛል። ሰባ ዓመት ያለፈኝን ሴት ነው እንዲህ የሚለኝ። ከእሱ በቀር እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ በሕይወት የቀረ ሰው አልነበረም።

ረቡዕ ማታ ልጄ ስልኬን ወሰደው። መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ላሠራልሽ አለኝ። የተሰነጠቀው ከመጣሁ በወሩ ነው። በዚያ ላይ በዚያ ሳምንት ከተማው ውስጥ የተከፈተ የስልክ ጠጋኝ አልነበረም። በዚያው ምሽት የአገራችን ጣቢያዎች ከቴሌቪዥኑ ጠፉ፤ ዲሹን ንፋስ አዞረው ተባለ። ቤተ ክርስቲያናችን ከተዘጋ ወዲህ ሐሙስ ጠዋት ሁላችንም በስልክ ተገናኝተን እንጸልይ ነበር፤ እዚያ ላይ ሐዘን የደረሰበት ሰው ስሙ ይጠራል። እሱም በዚህ ሳምንት የለም ተባለ። ወንድሜ እንዴት ነው ስለው ልጄ ደህና ነው፣ እያገገመ ነው ይለኛል። እንዲህ ሲለኝ የሚያየው ከረጢቶቹን ነበር።

ሐሙስ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። አንደኛ ፎቅ የምትኖር፣ በቤተ ክርስቲያን የምናውቃት የከምባታ ሴት ናት። ምራቴ በሩን በትንሹ ከፍታ አንድ ነገር አንሾካሾከችላት። ሴትዮዋ እጇን በማስኳ ላይ ጫነች። ከዚያ በእጇ የነበረውን የአይስክሬም ዕቃ ሰጥታት ደረጃውን በጥድፊያ ወረደች። ምራቴ ዕቃውን በደረቷ አቅፋ ጀርባዋን ሰጥታኝ አለፈች። ምንድን ነው አልኳት። ሳሙና አበድሬያት ነበር፣ መለሰችልኝ አለች። የሳሙና የተባለው ዕቃ ክዳን ግን ከሙቀት የተነሳ አልቦት ነበር።

ምራቴ ልትታጠብ ስትገባ ተነሳሁ። ዕቃውን ያስቀመጠችው ከዱቄት ከረጢቶቹ ጀርባ ነው። ስከፍተው ንፍሮ ነው፤ ስንዴና ሽምብራ፣ ገና አልቀዘቀዘም። ንፍሮ ለደስታም ይቀቀላል። ለደስታ የመጣ ንፍሮ ግን ከዱቄት ከረጢት ጀርባ አይደበቅም።

ወንድሜ ማረፉን ያወቅሁት እንዲህ ነው። ጎረቤታችን ልጄ መርዶውን የነገረኝ መስሏት፣ እንደ አገራችን ወግ የለቅሶ ቤት ንፍሮ ይዛ መጣች። የእሷ ስህተት ይኸው ብቻ ነው፤ ሌላ በደል የለባትም።

ክዳኑን መልሼ ገጠምኩ። ውሃ ጠጣሁ። ከከረጢቶቹ ጀርባ የፍሪዘሩ ሞተር ሙቀት አለ፤ ንፍሮው እስከ ማግስቱ ሳይቆይ ይሸታል ብዬ አሰብኩ። ለምን ያን እንዳሰብኩ አላውቅም። ፍሪዘሩን ከፍቼ፣ የቀዘቀዙትን ዶሮዎች አንስቼ፣ ዕቃውን ከታች አስቀመጥኩት፤ ዶሮዎቹን መልሼ ከላዩ ደረደርኩ። ምራቴ ከረጢቶቹ ጀርባ ተመልሳ አላየችም። ማየቱን የፈራችው ይመስለኛል።

ለምን በዚያው ሰዓት አልጠየቅሁም? አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሳለሁ እናታችን ሞተች። ወንድሜ ሁለት ሽማግሌ ይዞ ሊያረዳኝ ከገጠር በእግሩ ተነሳ። እሱ ሳይደርስ ወደ ምንጭ ስወርድ ያገኘችኝ አንዲት መንገደኛ ሴት «እናትሽን እግዚአብሔር ያሳርፋቸው» ብላኝ አለፈች። ወንድሜ ሲደርስ ፊቴን አይቶ ገባው። መንገዱ ላይ ቁጭ አለ። ስታለቅሺ ልይዝሽ ነበር የመጣሁት፣ መንገዱን ሁሉ ቃል ስመርጥ ነበር የመጣሁት አለ። የነጠቁት ሰው ይመስል ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ መርዶ ለሚረዳው ብቻ ሳይሆን ለሚያረዳውም እንደሆነ አውቃለሁ።

ልጄ ቃል እየመረጠ ነበር። ብቻውን ሊነግረኝም አልፈለገም፤ መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ የሚነገር ነው። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ የሚኖሩት ከከተማው ራቅ ብሎ ጻካኔ ነው። መንገዱ ተዘግቷል፣ ታክሲ የለም፣ ሰው በሰው ቤት መሰብሰብም በወረርሽኙ ደንብ ተከልክሏል። እሱ እነሱን ይጠብቃል። እኔ እሱን እጠብቃለሁ። ሳይነገረኝ ማልቀስ አልችልም፤ ሳይሰበሰቡ ሊነግረኝ አይችልም። በሩ ተቆልፏል።

ጎልፉ የመጣው በዚህ መሃል ነው።

የልጅ ልጄ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የተወለደችው እዚሁ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዋን በኮምፒውተር ከመኝታ ቤት ትማራለች። «ጎጎ» ትለኛለች፤ በዙሉ አያት ማለት ነው፣ የሱቃችን ደንበኞች አሮጊቱን ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠሩት። ከወረርሽኙ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ የጎልፍ ሜዳ ትሠራ ነበር። ተጫዋቾቹ ግማሹን ከተጫወቱ በኋላ አረፍ ብለው የሚበሉባት ትንሽ ቤት አለች፤ እዚያ ፓይና ለስላሳ ትሸጥ ነበር። ስለዚህ ጨዋታውን ታውቀዋለች።

እኔን እንድትጠብቅ የታዘዘችው እሷ ናት። ማንም ስልክ እንዳይሰጠኝ፣ ዜና እንዳላይ። ያን ያወቅሁት ኋላ ነው። አባቷ ሪሞቱን ይዞ ለእኔ የሚሆን ጣቢያ ሲፈልግ አንዱ ጣቢያ እሳት ያሳያል፣ አንዱ ፊልም ቀብር ያሳያል፣ የመዝሙሩ ጣቢያ ደግሞ ለሞቱት ይጸልያል። ባሕር ማዶ የሚደረገው ትልቁ የጎልፍ ሻምፒዮና ላይ ሲደርስ ቆመ። «እዚህ ላይ ማንም አይሞትም» አለና ሪሞቱን ለእሷ ሰጣት።

ሐሙስ ከሰዓት እንዲህ ነው የጀመርነው። ሜዳው ባሕር ዳር ነው፤ ዛፍ የለውም፣ ሣርና ንፋስ ብቻ። ልጅቷ እግሯን አጥፋ ከረጢት ላይ ተቀምጣ ታስረዳኛለች። አራት ቀን ይጫወታሉ፤ ከሐሙስ እስከ እሁድ። ብዙ የመታ ሳይሆን ጥቂት የመታ ያሸንፋል። ይህ ደስ አለኝ፤ ሌላ ጨዋታ ሁሉ ብዙ ያገባ ያሸንፋል ይላል። የዱላ ሻንጣውን የሚሸከምለት ሰው ይመክረዋል እንጂ አይመታለትም። ከሁሉ የገረመኝ ሳንቲሙ ነው። ኳሷ ጉድጓዱ አጠገብ ስትደርስና የሌላ ሰው መንገድ ላይ ስትሆን፣ ባለቤቷ ከኋላዋ ሳንቲም አስቀምጦ ያነሳታል፤ ተራው ሲደርስ መልሶ በዚያው ቦታ ያኖራታል። ሌላው እስኪጨርስ ቆሞ ይጠብቃል። ማንም ሳንቲሙን አይነካበትም።

ከመሪዎቹ አንዱ የዚህ አገር ሰው ነበር። ልጅቷ የእኛ ሰው ትለዋለች። የእኛ ስትል ደነገጥኩ፤ ለእሷ ግን አገሯ ነው።

ያን ቀን እስከ ምሽት አየሁ። ልጄ ገብቶ ሶፋዬ ላይ ሲያየኝ ፊቱ ቀለል አለ። ወደድሽው እማዬ አለኝ። ወደድኩት አልኩት።

ዓርብ ግማሾቹ ይሰናበታሉ። በሁለት ቀን ብዙ የመቱት ዱላቸውን በሻንጣ ከተው ወደየአገራቸው ይሄዳሉ። ልጅቷ አዘነችላቸው። እኔ ቀናሁባቸው። ተሸንፈው እንኳ አውሮፕላን ይሳፈራሉ።

በዚያ ሜዳ የአሸዋ ጉድጓዶች አሉ። እንደ ውሃ ጉድጓድ ናቸው፤ ግድግዳቸው ቀጥ ያለ ነው። አንዱ ተጫዋች ውስጡ ገብቶ ኮፍያው ብቻ ይታይ ነበር። አንዴ መታ፤ ኳሷ ግድግዳውን መትታ እግሩ ሥር ተመለሰች። ደግሞ መታ፤ ተመለሰች። ከዚያ ፊቱን አዞረና ወደ መጣበት ወደ ኋላ መትቶ አወጣት። ልጅቷ ልክ ነው፣ ብልህ ነው አለች። ወደ ኋላ መመለስም መውጫ ነው አለችኝ። ለእኔ ብላ አልተናገረችም፤ ስለ ኳሱ ነው። እኔ ግን ሆሳዕናን አሰብኩ፤ የወንድሜን ደጅ፣ በሩ ላይ የሚተከለውን ድንኳን፣ እዚያ ድንኳን ውስጥ ማን ማን እንደተቀመጠ። የእኔ ቦታ ባዶ ነበር።

ማታ ማታ በወጥ ቤት ይነጋገራሉ። ልጅቷ በእንግሊዝኛና በአማርኛ እያደባለቀች አባቷን ትሞግተዋለች። ቃሉ ሁሉ አይሰማኝም፤ ድምፁ ግን ይሰማኛል። አንዴ ጮክ ብላ ምስኪን ናት እኮ፣ ሰው ናት፣ ለምን ዝም ብላችሁ አትነግሯትም ስትል ሰማሁ። ልጄ ቀስ ብሎ መለሰላት። ምን እንዳላት ባልሰማም አውቀዋለሁ፤ የእኔ ወንድም ቢሆንም የሚለው ያንኑ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት የእኛ ሰው አሁንም ከፊት ነው። ሊመታ ዱላውን ሲያነሳ መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ጨለመ፤ የፍሪዘሩ ድምፅም ቆመ። ልጅቷ ይሄ መብራት አናደደኝ ብላ በስልኳ ውጤቱን ልታይ ሞከረች፤ ስልኳን ከእኔ አርቃ ነው የያዘችው። እኔ ያሳሰበኝ ፍሪዘሩ ነው። ብርድ ልብሴን አንስቼ ከላዩ አለበስኩት። መብራት ይመጣል ወይ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል ወይ እያልኩ ደጋግሜ ጠየቅኳት። ዶሮው እንዳይበላሽብሽ ነው፣ ጎጎ፣ አንቺ ከአባዬ የባስሽ ነጋዴ ነሽ ብላ ሳቀችብኝ። አዎ ዶሮው ነው አልኳት። መብራቱ ሲመለስ የፍሪዘሩን ድምፅ ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ ነው ስለ ሰውየው የጠየቅሁት።

እሁድ የመጨረሻው ቀን ነው። በስልክ የሚደረገው አምልኮ አሁንም አልተገኘም። ምራቴ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘግታለች፤ ልጄ ወጥቷል፣ የት እንደሄደ አልነገረኝም። እኔና ልጅቷ ብቻ ተቀምጠናል።

በቴሌቪዥኑ ሕዝብ አለ። እዚያ አገር ሰው መሰብሰብ ተፈቅዷል። በሺህ የሚቆጠር ሰው ያለ ማስክ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ልጅ በትከሻው ተሸክሞ ቆሟል። ተጫዋቹ ኳሷን ሊገፋ ሲያጎነብስ አንድ ሠራተኛ እጁን ከፍ ያደርጋል፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ ይላል። የሚሰማው ንፋሱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጸጥታ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። እንዲህ ያለ ጸጥታ የሚኖረው የለቅሶ ቤት፣ መጽሐፉ ሊነበብ ሲል ነው።

የእኛ ሰው መሳት ጀመረ። አንድ ጉድጓድ ላይ ተጨማሪ ምት፣ ሌላው ላይም ተጨማሪ። ልጅቷ ጥፍሯን ትበላለች። ከዚያ ሕዝቡን አየችና በንዴት፣ «ይሄ ሁሉ ሰው ለኳስ ይቆማል፤ እኛ ሦስት ሽማግሌ ቤታችን ማስገባት አንችልም» አለች።

አለችና አፏን ያዘች።

እኔ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ አላነሳሁም። ልታልፈው ትችል ነበር፤ እኔም አሳልፍላት ነበር። እሷ ግን ከከረጢቱ ወርዳ ሶፋው ሥር መጥታ ተቀመጠች። ጉልበቴን ያዘችው።

«ጎጎ፣ ሶሪ። እኔ ይሄን ነገር አልችልም። አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«አትንገሪኝ።»

«ማወቅ አለብሽ እኮ።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «መናገሩ ግን ያንቺ አይደለም፤ የአባትሽ ነው። ለእሱ ተይለት።»

አላመነችኝም። ሌላ ነገር የማወራ መሰላት። ተነስቼ ፍሪዘሩን ከፈትኩና ዶሮዎቹን አንስቼ ዕቃውን አሳየኋት። ክዳኑን ስከፍት ንፍሮው በረዶ ሆኗል። ምን እንደሆነ አላወቀችውም። ነገርኳት፤ ማን እንዳመጣው፣ የት ተደብቆ እንደነበር፣ ንፍሮ ወደ ቤት የሚመጣው መቼ መቼ እንደሆነ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከሐሙስ።»

«አራት ቀን ሙሉ፣ እያወቅሽ፣ ጎልፍ ታያለሽ?»

«ሌላ ምን አሳያችሁኝ?»

ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ዞረ። እስክትጨርስ ጠብቄ ፊትሽን ታጠቢ፣ አባትሽ ይመጣል አልኳት። ስለ ምንጩ መንገድ፣ ወንድሜ መንገድ ላይ ቁጭ ስለማለቱ ያን ጊዜ ነገርኳት። ከእሷ በፊት ለማንም ነግሬ አላውቅም። እንዲያ ከሆነ ይሄ ነገር ጭካኔ አይደለም አለች። አይደለም አልኳት። ግን ከባድ ነው አለች። ከባድ ነው አልኳት። ፊቷን ታጥባ ተመለሰች።

ልጄ ሲገባ መጨረሻው ላይ ደርሰናል። ከእኔ ራቅ ብሎ ከረጢት ላይ ተቀመጠ፤ ማስኩን አላወለቀም። ማን እያሸነፈ ነው አለ። ልጅቷ ሦስት ቀን የመራው ሰው መሸነፉን ነገረችው። በቴሌቪዥኑ ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ የተጋጣሚውን እጅ ይጨብጣል። ልጄ ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ላይ ተከለ። ትከሻው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ያሳዝናል እኮ፣ እማዬ» አለ። ድምፁ ተሰብሯል። «ሦስት ቀን ሙሉ መርቶ።»

«ያሳዝናል፣ ልጄ» አልኩት።

ለዚያ ለማናውቀው ሰው እናቱና ልጁ እያየነው አለቀሰ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ እጄን በእጄ ላይ አድርጌ ዋንጫው ሲሰጥ ተመለከትኩ።

ያን ማታ ምራቴ ዶሮ ሠራች። ከፍሪዘሩ ሁለት ዶሮ ያወጣችው ልጅቷ ናት፤ እኔ አወጣለሁ ብላ ከእናቷ ቀደመች። ብዪ፣ ትንሽ ጨምሪ፣ ይህቺን ለእኔ ብለሽ እያሉ ሦስቱም አጎረሱኝ። ሰው መርዶ ከመስማቱ በፊት ይብላ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ እህል ስለማይወርድለት። ሽማግሌዎቹ መንገድ ማግኘታቸውን ያወቅሁት በጉርሻው ነው። አልራበኝም ነበር። የሰጡኝን ሁሉ በላሁ።

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ነቅቼ ጥቁሩን ቀሚሴን ለበስኩ፤ ከላዩ ጋቢዬን ደረብኩ። ፍርግርጉ ሲከፈት ሰማሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ማስክ አድርገው፣ ተራርቀው፣ በከረጢቶቹና በካርቶኖቹ መሃል ቆመው ነበር። የሚቀመጡበት ቦታ የለም። አንዱ በለስላሳ ካርቶን ላይ ሊቀመጥ ሲል ካርቶኑ ሰመጠበትና ተነሳ። በሌላ ቀን ቢሆን ያስቅ ነበር። ከአንደኛ ፎቅ ጎረቤታችን መጥታ በሩ አጠገብ ቆማለች። ትልቁ ሽማግሌ ጸለዩ። ከዚያ ልጄ እግሬ ሥር ተንበርክኮ ቃሉን ራሱ ተናገረው። የመረጠውን ቃል እዚህ አልጽፈውም። ጥሩ ቃል ነበር።

አለቀስኩ። ከሐሙስ ጀምሮ የቆየ ስለነበር ድምፁ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ልጄ ያዘኝ። ወንድሜ ያን ቀን መንገድ ላይ ሊይዘኝ አስቦ ያልቻለውን ያህል ያዘኝ።

ፀሐይ ስትወጣ ምራቴ ለመጡት ሰዎች የምታቀርበው ፈለገች። ከረጢቶቹ ጀርባ ሄደች። እጇን አስገባች፣ አንዱን ከረጢት ገፋች፣ ሌላውን ገፋች። ፊቷ ተለወጠ። ዞራ እኔን አየችኝ። ቀጥሎ ንፍሮውን አግኝቼው እንደነበር እንደምታስብ ታየኝ፤ ልጄም አያት፤ ምን ጠፍቶብሽ ነው አላት። ምራቴ ሳትመልስለት ልጅቷ ፍሪዘሩን ከፈተች። ዶሮዎቹን አንስታ ዕቃውን አወጣች።

«እኔ ነኝ እዚህ ያስቀመጥኩት» አለች። «እንዳይበላሽ ብዬ።»

እናቷ አፍጥጣ አየቻት። አንቺ ደግሞ ንፍሮ ምን እንደሆነ ከየት አወቅሽ አለቻት።

«ኢንተርኔት ላይ አየሁ» አለች ልጅቷ፤ ዕቃውን ይዛ ለማሞቅ ወጥ ቤት ገባች።

ለምን አትነግሯትም እያለች ስትሟገት የሰነበተች ልጅ ናት። እንዲህ አድርጎ መሸሸግን ማንም አላስተማራትም። ንፍሮው ሞቀ፤ ውሃ ቢያቅርም ተበላ። ሽማግሌዎቹ ሊወጡ ሲሉ ልጄ በር ላይ በዝግታ ሲነግራቸው ሰማሁ። ጎልፍ እያየች ነበር፣ ምንም አልጠረጠረችም፣ እግዚአብሔር ይመስገን አላቸው። ከወረደለት ሸክም ሁሉ ይኸኛው ትልቁ እንደነበር ከድምፁ ገባኝ።

ከተማው ተረጋጋ። ዕቃው ተመልሶ ወደ ካትሌሆንግ ሄደ፣ ሳሎኑ ሰፋ፣ ወረርሽኙም አለፈ። የበሩን ቁልፍ ልጅቷ አስቀርጻ ሰጠችኝ። ወረቀቴ ግን ጊዜ ወሰደ፤ ሲታደስ ደግሞ ልሄድላቸው የነበሩት ሰዎች አልነበሩም። አሁንም እዚሁ ነኝ።

ልጄ አማርኛ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው አይደለም፤ ስለዚህ ይህን ስጽፍ አልሰጋም። እሱ የሚያውቀው እናቱ ጎልፍ እንደምትወድ ነው። ያ ሻምፒዮና በመጣ ቁጥር ከሱቅ ይደውላል፤ እማዬ፣ ጎልፍሽ ሐሙስ ይጀምራል፣ እንዳያመልጥሽ ይለኛል። አንድ ጊዜ ኮፍያ ገዝቶልኝ መጣ። አልወደውም ብል የምሰጠው ምክንያት ስለሌለኝ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ልጅቷም በዚያ ሐሙስ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ትመጣና እግሯን አጥፋ አጠገቤ ትቀመጣለች። ስለ ሌላው ሁሉ እናወራለን። ተጫዋቹ ሳንቲሙን መሬት ላይ አስቀምጦ ኳሱን ሲያነሳ ግን ሁለታችንም ዝም እንላለን።